የቱ ሞዴል ይሻላል?

ከደንገሽታ ጉድጓዶች እንነሳ

በዳንግላ ወረዳ ደንገሽታ ቀበሌ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዝናቡን መጠን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ የለኩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሥራውን አብረዋቸው የጀመሩት የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። እንዲህ ባለ መዝገብ ላይ ሁለት ሞዴል እንሥራ። አንደኛው የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ ከዚያው ሳምንት ዝናብ ብቻ ይገምታል። ሁለተኛው ያለፉትን አራት ሳምንታት ዝናብም ይጨምራል። ሁለቱንም በቤይስ ስሌት ሶፍትዌሮቹ በስታን ወይም በፓይኤምሲ አሰላን እንበል። የቱን እንያዝ?

ያላየውን ይተነብያል ወይ?

ሁለተኛው ብዙ ግብዓት ስላለው የተማረበትን ዳታ አብልጦ ቢገጥም አይገርምም። ፈተናውን አስቀድሞ ያየ ተማሪ መቶ ቢያመጣ ማን ይደነቃል? ስለዚህ አንዱን ልኬት እንደብቅና ሞዴሉ በቀሪው ተምሮ ለተደበቀው ምን ያህል ዕድል እንደሰጠ እንይ፤ ይህንንም በየልኬቱ እንድገመው። ልኬቱ ሺህ ከሆነ ስሌቱም ሺህ ጊዜ ሊሆን ነው። ቬታሪ፣ ጌልማንና ጋብሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ግን አንድ ጊዜ ከተሰላው ሞዴል ተነስቶ ውጤቱን በጥሩ ግምት ያወጣል።

ፓኬጁ ላይ ምን ይጨመር?

ይህን ማወዳደር የሚሠራ የሶፍትዌር ፓኬጅ እያዘጋጀን ነው እንበል። መጀመሪያ የየልኬቱ ሎግ ዕድል (ሞዴሉ ለልኬቱ የሰጠው ዕድል ሎጋሪዝም) ለየብቻው ይቀመጥ። ድምሩን ብቻ ካስቀመጥን የእያንዳንዱን ድርሻ መልሰን አናገኘውም።

ቀጥሎ ፓኬጁ ሁለቱ ሞዴሎች በአንድ ዓይነት ዳታ መሠራታቸውን ያረጋግጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ ያለፉትን ሳምንታት የሚጠቀመው ሞዴል ከመዝገቡ መጀመሪያ የተወሰኑ ረድፎችን ይጥላል። የረድፉ ቁጥር ካልተመሳሰለ ፓኬጁ ማወዳደሩን እምቢ ማለት አለበት፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ ማንም አያነበውም።

ውጤቱ ሲታተም በሁለቱ ሞዴሎች የሎግ ዕድል ድምር መካከል ያለው ልዩነት ከነስህተት ወሰኑ ይውጣ። በተለምዶ ከ4 በታች የሆነ የሎግ ልዩነት ትንሽ ነው። «አሸናፊው ይህ ነው» ብሎ ዝም የሚል ፓኬጅ ባይኖር እመርጣለሁ። ያ የ2017ቱ ዘዴ ለየልኬቱ የሚያወጣው የፓሬቶ መለኪያ፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ0.7 ያለፈበት ልኬት ካለ ግምቱ አስተማማኝ አይደለምና የትኛው ልኬት እንደሆነ ይጠቆም። ብዙ ጊዜ አንድ ያልተለመደ ዝናብ ወይም የተሳሳተ ምዝገባ ሆኖ ይገኛል።

ሁለቱ ሞዴሎች ለጠቅላላው ዳታ የሰጡትን ዕድል የሚያነጻጽረው ቤይስ ፋክተርም ይጠየቃል። ይጨመር፤ ግን የሞዴሉን ቅድመ ግምት (ዳታው ከመታየቱ በፊት የተያዘውን) ሲያሰፉት ውጤቱ ክፉኛ ስለሚቀየር ነባሪው ምርጫ አይሁን።

የሚደበቀው ምንድን ነው?

የማክሰኞን የውሃ ከፍታ ደብቀን ሰኞንና ረቡዕን ካሳየነው ጥያቄው በጣም ይቀላል፤ ውሃው በአንድ ቀን ብዙ አይለወጥምና። ክረምቱን ለመተንበይ ከሆነ እስከ ግንቦት ያለውን አሳይተን ከሰኔ ወዲያ ያለውን እንደብቅ። ያልተለካ ጉድጓድ ለመተንበይ ከሆነ ደግሞ አንድን ጉድጓድ ከነሙሉ መዝገቡ እናውጣ። ፓኬጁ የሚደበቀውን ቡድን ተጠቃሚው እንዲመርጥ መፍቀድ አለበት።

ይህም ቢሆን የሚፈትነው በደንገሽታ ውስጥ ነው። ሞዴሉን ከዳንግላ ከፍ ብላ ወደምትገኘው እንጅባራ መውሰድ የፈለገ ሰው እዚያው የተለካ ጉድጓድ ያስፈልገዋል።