የአንቴናው ሌላ ግማሽ፦ በትንሽ ካምፐር ላይ የሬዲዮ አንቴና ስለ መምረጥና ስለ መትከል

ለመኪና የሬዲዮ አንቴና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዘንጉ ነው፤ ርዝመቱ ስንት ነው? ዋጋውስ? ከፊዚክስ አንጻር ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ዘንጉ የሚቆምበት ጣሪያ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ጥያቄው ለምን እንደሚቀድም ለማየት ካምፐር የምትባለውን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተሰቦች መኝታና ማብሰያ አዘጋጅተው ለዕረፍት የሚጓዙባትን መኪና በምሳሌነት እንወስዳለን። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለንተናዋ ብረት የሆነ ተራ መኪና የአንቴና ተካዩን ስሕተት ትሸፍንለታለች፤ ካምፐር ግን ታጋልጠዋለች።

ሄንሪክ ኸርዝ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ሲያረጋግጥ የተጠቀመበት አንቴና ሁለት ክንዶች ነበሩት። ጉልዬልሞ ማርኮኒ በ1890ዎቹ አጋማሽ ካደረጋቸው ማሻሻያዎች አንዱ አንደኛውን ክንድ አስቀርቶ በምትኩ መሬትን መጠቀሙ ነው። ዛሬ በመኪና ጣሪያ ላይ የምናየው ዘንግ የዚሁ የማርኮኒ አንቴና ዝርያ ሲሆን የመሬቱን ቦታ የያዘው የመኪናው ላሜራ ነው። ስለዚህ ከሱቅ ገዝተን የምናመጣው የአንቴናውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ መኪናዋ ራሷ ናት።

አሁን ጥቂት እናስላ። የሞገድ ርዝመት በሜትር የሚገኘው 300ን በሜጋኸርዝ ለተሰጠው ድግግሞሽ በማካፈል ነው። በአውሮፓ ለአማተር ሬዲዮ ከተመደቡት መካከል ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያለው መስመር ይገኛል። መካከለኛውን 145ን ብንወስድ የሞገዱ ርዝመት 2.07 ሜትር፣ ሩቡም 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ዘንጉ ውፍረት ስላለው 5 በመቶ ያህል ሲያጥር 49 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ከሥሩም በየአቅጣጫው ያንኑ ያህል፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሚሆን ላሜራ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ አንቴና በሰፊ ብረት ላይ ሲቆም 37 ኦም ያህል ስለሚያሳይ፣ ከ50 ኦም ገመድ ጋር ሲገናኝ ወደ ኋላ የሚንጸባረቀው ኃይል 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የብዙ ካምፐሮች ጣሪያ ግን ፋይበርግላስ ነው። ከፍ ብሎ የሚከፈተው የቮልስዋገን ካምፐር ጣሪያ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ፋይበርግላስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ማግኔትም አይዘውም። ዘንጉን በብሎን አጥብቀን ብናቆመው እንኳ ሁለተኛው ክንድ የለም። ታዲያ ምን ይሆናል? የጎደለውን ክንድ ገመዱ ይተካል። ጅረቱ በገመዱ የውጭ ሽፋን ላይ እየፈሰሰ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሞገድ ይረጫል፤ ከሞተሩና ከመብራቱ የሚመጣውን ጫጫታም ሰብስቦ ወደ ሬዲዮው ያስገባል። ሬዲዮው ተንጸባርቆ በሚመለሰው ኃይል ይሞቃል፤ ወይም ራሱን ለመከላከል ኃይሉን ይቀንሳል። ባለቤቱ ግን ሁሉ ነገር ደኅና ይመስለዋል፤ መብራቱ ይበራል፣ የቅርብ ጣቢያም ይሰማል። ጉድለቱ የሚታወቀው የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ እርዳታ ለመጥራት ሲሞከር ነው።

ቀላሉ መፍትሔ አንቴናውን ከጣሪያው አውርዶ በኮፈኑ ጠርዝ ላይ መትከል ነው፤ ይሁን እንጂ የመኪናዋ አካል በአንድ ወገን ሞገዱን ይጋርደዋል። እኔ የምመርጠው ከፋይበርግላሱ ሥር እያንዳንዳቸው 50 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ሽቦዎችን በመስቀል ቅርጽ ዘርግቶ፣ መገናኛቸውን በአንቴናው ግርጌ ከገመዱ የውጭ መረብ ጋር ማያያዝ ነው። ሽቦዎቹ የጎደለውን ላሜራ ይተካሉ፤ ወጪውም ኢምንት ነው። 1 ሜትር የሚሆነው የግማሽ ሞገድ አንቴና በግርጌው ያለው ጅረት ትንሽ ስለሆነ ላሜራ እምብዛም አይፈልግም፤ ነገር ግን በረጅም መኪና አናት ላይ ሆኖ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመታው እርሱን ነው።

በአጭር ሞገድ ችግሩ ይብሳል። በአገራችን የገጠር መንገዶች በእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች የፊት ፓራውልት ላይ ረጅም ዘንግ ያየ ተማሪ ርዝመቱ ሳይገርመው አይቀርም፤ እውነቱ ግን ዘንጉ እጅግ አጭር መሆኑ ነው። በ7.1 ሜጋኸርዝ ሩብ ሞገድ 10.5 ሜትር ይሆናል። 2.4 ሜትር ዘንግ ተክለን ከግርጌው ጥቅልል ሽቦ ብንጨምር ድግግሞሹ ይስተካከላል፤ ሞገድ ለመርጨት የሚያገለግለው ሬዚስታንስ ግን 1.3 ኦም ያህል ብቻ ነው። በጥቅልሉና በመሬቱ የሚባክነው 15 ኦም ነው ብንል፣ ከ100 ዋት ውስጥ ወደ አየር የሚወጣው 8 ዋት ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል።

መኪና በጎማ ላይ ስለቆመች ከመሬት ተለይታለች የሚሉ አሉ። ለቀጥተኛ ጅረት እውነት ነው፤ ለሬዲዮ ግን አይደለም። 6 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የመኪና ወለል ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል በግርድፉ 130 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ይሆናል፤ ጅረቱም በዚያ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የአጭር ሞገድ አንቴና ግርጌ በአጭርና ሰፊ የመዳብ ጥልፍ ከሻንሲው ጋር መያያዝ አለበት። ኮፈኑና በሮቹም ቀለም በተነሣለት ቦታ ላይ እንዲሁ ቢያያዙ መልካም ነው።

ገመድን በተመለከተ፣ የተለመደው ቀጭኑ አርጂ-58 በ145 ሜጋኸርዝ 5 ሜትር ሲሆን የኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል ያባክናል፤ የተረፈውን ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ከመደበቅ መቁረጥ ይሻላል። ማሰራጫ ከመክፈታችን በፊት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ በአገራችን ጉዳዩ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2019 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው።

የመጨረሻው ሥራ ልኬት ነው። የ145 ሜጋኸርዙ ዘንግ በመጀመሪያ ረዘም ተደርጎ ይተከልና፣ የተንጸባረቀ ኃይል መለኪያ እየተነበበ ከጫፉ ይቆረጣል። 1 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ድግግሞሹን በ3 ሜጋኸርዝ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ የመስመሩ ስፋት ግን 2 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይቆረጥም። ልኬቱም የሚነበበው በሮቹ ተዘግተው፣ የካምፐሯ ጣሪያ በጉዞ ጊዜ እንደሚሆነው ወርዶ፣ ሰውም ከአንቴናው ራቅ ብሎ ሳለ ነው።