በብርድ አገር የረጋ ምድር መንገድን ስለሚያፈርስበት ምክንያት

በኢትዮጵያ ደጋ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ሣሩን አንጥቶ ያድራል፤ ፀሓይ ሲሞቅም ይጠፋል፤ ወደ ምድር ጠልቆ አይገባም። በሰሜን አሜሪካ በሚገኘው በሚኔሶታ አገር ግን ብርዱ ብዙ ወራት ስለሚጸና፥ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ምድሩ ከአንድ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ይረጋል። በዚያን ጊዜ ደልዳላ የነበረው የአስፋልት መንገድ እየተነሣ ጕብታ ያወጣል፤ ብርዱ ሲያልፍም ይሰነጠቃል፥ ይቦረቦራልም። ይህ ስለ ምን ይሆናል ቢሉ፥ ምክንያቱ ከንጣፉ በታች ነው።

ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶው 9 እጅ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ መንገዱን የሚያነሣው ይህ ጭማሪ ብቻ ይመስል ነበር። እስቴፈን ቴበር የተባለ አሜሪካዊ የምድር ጥናት ሊቅ ግን፥ በውሃ ፈንታ ሲረጋ መጠኑ የሚያንስ ሌላ ፈሳሽ በአፈር ውስጥ አድርጎ ቢፈትን፥ አፈሩ እንደዚያውም ተነሣ። ይህንም ነገር እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 እና በ1930 ዓመት ባሳተማቸው ጽሑፎች ገለጸ። እንግዲህ ዋናው ምክንያት ከታች እየተሳበ የሚመጣው አዲስ ውሃ መሆኑ ታወቀ።

መምህሩ ይህን በኩራዝ ምሳሌ ሊያስረዳ ይችላል። የኩራዝ ክር ጋዙን ከታች ወደ ላይ እንደሚስብ፥ እንዲሁም ደቃቅ አፈር ውሃን እየሳበ ብርዱ ወደ ደረሰበት ስፍራ ያወጣዋል። ውሃውም በዚያ እየረጋ የበረዶ ንብርብር ይሠራል፤ ንብርብሩም እየወፈረ በላዩ ያለውን ሁሉ ያነሣል።

አፈር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አሸዋና ጠጠር ውሃን ወደ ላይ እምብዛም አይስቡም። የሸክላ አፈር ይስባል፥ ነገር ግን ውሃን የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ነው። ደቃቅ ደለል ግን ይስባልም ያሳልፋልም፤ ስለዚህ ከሁሉ ይከፋል። አርተር ካሳግራንዴ የተባለ ሊቅ በ1931 ዓመት፥ ትልቅና ትንሽ ቅንጣት በተደባለቀበት አፈር ውስጥ ከ0.02 ሚሊሜትር የሚያንሰው ቅንጣት ከመቶው 3 እጅ ቢበልጥ ለመንገድ የሚያሰጋ መሆኑን አመለከተ።

ከመነሣቱም ይልቅ የሚጐዳው መቅለጡ ነው። በረዶው በላይ በኩል አስቀድሞ ሲቀልጥ ከታች ያለው ገና እንደ ረጋ ስለሚቈይ፥ ውሃው መውረጃ ያጣል፤ አፈሩም ጭቃ ይሆናል። በብርዱ ወራት ከባድ መኪና የተሸከመው ንጣፍ፥ አሁን ደጋፊ አጥቶ በዚያው መኪና ይሰበራል። ስለዚህ የሚኔሶታ መንግሥት ብርዱ ባለፈ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት የጭነት መኪናዎችን ሸክም በሕግ ይወስናል። ይህ ለገበሬውና ለነጋዴው ችግር ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ከተሰበረ ችግሩ ይብሳል።

ለዚህ ጥፋት ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ እነርሱም ጽኑ ብርድ፥ ደቃቅ አፈርና ውሃ ናቸው። ብርዱን መከልከል አይቻልም። ስለዚህ መንገድ ሠሪዎች ደለሉን አውጥተው በፈንታው ጠጠርና አሸዋ ያስገባሉ፤ በመንገዱ ዳርም ቦይ ቈፍረው ውሃውን ያርቃሉ። ብልህ መንገድ ሠሪ ንጣፉን ከማሳመሩ በፊት የሥሩን አፈርና ውሃ ይመረምራል።

ጥያቄ። 1ኛ፤ ደለል ከአሸዋ ይልቅ መንገድን የሚጐዳው ስለ ምን ነው? 2ኛ፤ መንገዱ በብርድ ወራት ሳይሰበር በረዶው ሲቀልጥ የሚሰበረው ስለ ምን ነው?