ተክል ጠላቱን በምን ያውቃል?

ባለፈው ክረምት የጓሯችን ቲማቲም ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። የእርሻ መምህራችንም የባክቴሪያ በሽታ መሆኑን ነገሩኝ። አባቴ ግን አዝነው፣ «ምስኪን ተክል! መከላከያ የለውም» አሉ። እኔም ነገሩን መረመርሁ።

ተክል እንደ ሰው በደም የሚዘዋወሩ ዘበኞች የሉትም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ይጠብቃል። ብዙ ባክቴሪያዎች የሚዋኙት በቀጭን ጅራት ነው፤ ጅራቱም ፍላጀሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ተቀባይ ፕሮቲን ከፍላጀሊን 22 አሚኖ አሲዶች ያሉትን ቁራጭ ሲያገኝ ጠላት መምጣቱን ያውቃል። ይህ ተቀባይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. አራቢዶፕሲስ በሚባል ትንሽ ተክል ላይ ተገለጠ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ቀጥሎም የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ የሕዋሱም ግድግዳ ይጠነክራል። በ2004 ዓ.ም. እንደታተመው ጥናት፣ ቁራጩ አስቀድሞ የተሰጠው ተክል ባክቴሪያውን በተሻለ ተቋቁሟል።

ባክቴሪያውም በበኩሉ ዘበኛውን የሚያስተኙ ፕሮቲኖች ወደ ሕዋሱ ይወጋል። እንግዲህ አባቴ ሆይ፣ ቲማቲማችን የጠፋው መከላከያ አጥቶ ሳይሆን ተዋግቶ ተሸንፎ ነው። ጓደኞቼም ሆይ፣ በሽታው በዘር ይተላለፋልና ከታመመ ፍሬ ዘር አንውሰድ፤ ተክሉን በውጊያው እንርዳው።