የመሪነትና የቡድን ሥራ እውቅና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፦ ከውጤት ደረጃ ወደ ታየ ተግባር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች መሪነትና የቡድን ሥራ የሚሰጠው እውቅና በምን ላይ እንደሚመሠረት ይመረምራል። የጽንሰ ሐሳብ ዳሰሳን ከጸሐፊው የማስተማር ልምድ ጋር አጣምሮ የሚያቀርብ እንጂ የመስክ መረጃ የሚተነትን አይደለም። ዋና መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ የቡድን መሪ በፈተና ውጤት ሲሰየምና የመሪነት ሽልማትም በዚያው ውጤት ሲወሰን፣ ትምህርት ቤቱ አንዱን ችሎታ ሁለት ጊዜ ሸልሞ ሌላውን ሳያየው ያልፋል። ስለሆነም እውቅናው በታየና በተመዘገበ ተግባር ላይ እንዲመሠረት የሚያስችል፣ ከመምህሩ አቅም በላይ ያልሆነ አሠራር ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ እውቅና፣ መሪነት፣ የቡድን ሥራ፣ አንድ ለአምስት፣ የተማሪዎች ደረጃ

1. መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የቡድን ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። በአራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ዘመን (ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.) የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በስፋት ተዘርግቶ፣ በትምህርታቸው የተሻሉ ተማሪዎች ሌሎች አምስት ተማሪዎችን እንዲመሩና እንዲያግዙ ተደርጓል። ከዚያም ወዲህ ቢሆን የቡድን አመሠራረቱ ልማድ እምብዛም አልተለወጠም። አንደኛ የወጣው ተማሪ መሪ፣ ጽሕፈቷ ያማረ ልጃገረድ ጸሐፊ፣ የቀሩት አባል ይሆናሉ። አሳይመንቱ ሲደርስ አንድ ወይም ሁለት ተማሪዎች ይሠሩታል፤ ሌሎቹ «ስሜን ጻፉልኝ» ብለው በሽፋኑ ገጽ ላይ ይሰለፋሉ፤ ነጥቡም ለሁሉም እኩል ይሰጣል።

ሪፖርት ካርዱም ይህን አያርምም። አማካይ ውጤት፣ ደረጃና የቀረበት ቀን ብዛት በቁጥር ይሰፍራሉ፤ ጠባይን ለሚመለከተው ቦታ ግን ለአብዛኛው ተማሪ ያው አንድ ፊደል ይሞላል። ከዚህ በመነሣት ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሣል። አንድ ተማሪ መሪነትን ወይም ትብብርን በተግባር ቢያሳይ ትምህርት ቤቱ በምን ያውቃል? ካወቀስ እንዴት ይመሰክርለታል?

2. የጥያቄው መነሻ

ጸሐፊው ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት ያስተምር ነበር። በአንድ የ11ኛ ክፍል ቡድን ውስጥ በደረጃ ከክፍሉ መካከል የምትገኝ ተማሪ ነበረች። ተኳርፈው የነበሩ ሁለት አባላትን ያነጋገረችው፣ ሥራውን የከፋፈለችው፣ በሕመም የቀረውን ልጅ ከክፍል ሰዓት ውጭ አስጠንታ የድርሻውን እንዲያቀርብ ያደረገችው እርሷ ነበረች። በስም የቡድኑ መሪ ግን አንደኛ የወጣው ተማሪ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ «ምርጥ የቡድን መሪ» የሚል ሰርተፊኬት እንዲሰጥ ሲወሰን፣ ኮሚቴው ሮስተሩን ዘርግቶ ስሞቹን ከላይ ወደ ታች መረጠ። ሽልማቱን የተቀበለው ተማሪ ራሱ በማግስቱ መጥቶ «ቲቸር፣ እኛን ስታሰባስብ የነበረችው እኮ እሷ ናት» አለ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ይህ ጸሐፊ ነበር። ልጅቷ ያደረገችውን በዐይኑ አይቷል፤ ነገር ግን በውይይቱ ጊዜ በእጁ የተጻፈ አንዳች ማስረጃ ስላልነበረው ከሮስተሩ ጋር ሊከራከር አልቻለም። ጉዳዩ የኮሚቴው ክፋት አልነበረም። ደረጃ ተመዝግቧል፤ መሪነት አልተመዘገበም።

3. ጽንሰ ሐሳባዊ መሠረት

ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ፣ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ቁጥር ሲጨምር እያንዳንዱ ሰው የሚያውለው ጉልበት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዚህ ምክንያት በከፊል የቅንጅት ጉድለት፣ በከፊል ደግሞ የግለሰቡ ድርሻ ተለይቶ አለመታወቁ መሆኑን አስረድተዋል። ሮበርት ስላቪንም የትብብር ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው የጋራ ግብና የግል ተጠያቂነት ሲጣመሩ ነው ይላል። ይህ ለገጠሩ ማኅበረሰባችን ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ወንፈል የጋራ ሥራ ቢሆንም የጉልበት ብድር ነው፤ ማን መጥቶ እንዳረሰ፣ ማን እንደቀረ ይታወቃል። በሽፋን ገጽ ላይ ስም ማስጻፍ ግን በወንፈል ሳይሠሩ ከድግሱ እንደመካፈል ያለ ነው።

ለርእሰ ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው የኤልሳቤጥ ኮኸን ሥራ ነው። ኮኸን እንደምታስረዳው፣ ተማሪዎች ወደ ቡድን ሲገቡ በክፍሉ ውስጥ ያላቸውን ክብር ይዘው ይገባሉ። «ጎበዝ» የተባለው ብዙ ይናገራል፤ ብዙ የተናገረውም ብዙ ይማራል፤ «ሰነፍ» የተባለው ትክክል ቢናገር እንኳ አይደመጥም። መሪን በውጤት መሰየም ይህን ልዩነት በመምህሩ ማኅተም ያጸናዋል። ኮኸን ከምታቀርባቸው መፍትሔዎች አንዱ፣ መምህሩ ዝቅ ተደርጎ የሚታየውን ተማሪ አስተዋጽኦ አስተውሎ መመስከር ነው። ምስክርነቱም በሌሎች ፊት የሚነገር፣ የተደረገውን ነገር ለይቶ የሚጠቅስና ለቡድኑ ሥራ ያስገኘውን ጥቅም የሚያሳይ መሆን አለበት። ደግሞም እውነት መሆን አለበት፤ ለማጽናናት የተባለ ውዳሴ ተማሪዎች ዘንድ ወዲያው ይታወቃል።

ሽልማት ሁሉ ግን ተነሣሽነትን አይጨምርም። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነግሯቸው ሥዕል የሣሉ ሕፃናት ኋላ ላይ ለሥዕል ያላቸው ፍላጎት ቀንሷል፤ ሽልማቱን ሳይጠብቁት ያገኙት ግን ይህ አልደረሰባቸውም። ዴሲ፣ ኮስትነርና ራያን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት የ128 ጥናቶች ትንተናም፣ በቅድሚያ ቃል የተገባ ቁሳዊ ሽልማት ውስጣዊ ተነሣሽነትን እንደሚያዳክም፣ በጎ የቃል ግብረ መልስ ግን በተለይ በኮሌጅ ተማሪዎች ዘንድ እንደሚያጠናክር ተመልክቷል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሕፃናቱ ይልቅ በዕድሜ ለኮሌጆቹ ስለሚቀርቡ፣ ከዋንጫ ይልቅ ምስክርነት ያመዝናል ብሎ ማሰብ ይቻላል።

4. የአሠራር ሐሳብ

ከላይ ከተመለከተው በመነሣት አራት ነጥቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የቡድን መሪነት ከደረጃ ተለይቶ በየተራ ይሁን። የጸሐፊነቱም ሥራ እንዲሁ ይዙር፤ አለበለዚያ ሴት ተማሪዎች ሲጽፉ ወንዶች ሲናገሩ ይኖራሉ።

ሁለተኛ፣ መምህሩ የታየውን ይመዝግብ። «ጎበዝ መሪ ነው» የሚለው ፍርድ ነው፤ «ያልገባውን አባል ጠይቆ፣ እስኪገባው ድረስ ጠበቀው» የሚለው ግን ማስረጃ ነው። የተማሪው ብዛት እዚህ ላይ እንቅፋት መስሎ ይታያል። ሆኖም ስልሳ ተማሪዎች ባለ ስድስት አባላት አሥር ቡድን ይሆናሉ፤ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ያለው መምህር በየክፍለ ጊዜው አንድ ቡድን ተከታትሎ ጥቂት መስመር ቢጽፍ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ያዳርሳል።

ሦስተኛ፣ አባላት ስለ እርስ በርሳቸው ይመስክሩ። «ማን ይሻላል?» ተብሎ ድምፅ ቢሰጥ ውጤቱ ወደ ጓደኝነትና ወደ ዝምድና ያዘነብላል። «በዚህ ሥራ ማን ምን አደረገልህ?» ተብሎ በጽሑፍ ቢጠየቅ ግን መልሱ ተግባርን ይጠቅሳል።

አራተኛ፣ እውቅናው ውድድር አይሁን። ከሪፖርት ካርዱ ጋር የሚያያዝ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ በስም ጥሪ ሰዓት የሚነገር አንድ ምስክርነት በቂ ነው። ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚቀነስ ነገር የለምና።

እዚህ ላይ «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የግል ፈተና ሆኖ ሳለ ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ብቸኛ ምስክርነት ውጤት ከሆነ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በኋላ እጅግ የሚበዛው ወጣት ስለ ራሱ የሚሰማው ቃል «አልቻልክም» የሚለው ብቻ ይሆናል። ይህ ፈተናውን ለማቃለል የቀረበ ምክንያት አይደለም፤ ፈተናው የማይለካውን ነገር ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊለየው እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

5. ማጠቃለያ

መሪነትና የቡድን ሥራ በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ አሉ፤ የጎደለው የሚታዩበትና የሚመዘገቡበት መንገድ ነው። ያልተመዘገበ ተግባር በሮስተር ፊት ይረታል። ከላይ የተጠቆመው አሠራር ተጨማሪ በጀት ባይጠይቅም የመምህሩን ጊዜና ትኩረት ይጠይቃልና፣ ተግባራዊነቱ በመስክ ሊፈተሽ ይገባዋል። በተለይም መሪነት በየተራ ሲሆን የሴት ተማሪዎችና የዝቅተኛ ውጤት ባለቤቶች ተሳትፎ ይጨምር እንደሆነ፣ የመምህሩ ማስታወሻና የአባላቱ ምስክርነትም ምን ያህል እንደሚስማሙ መመርመር ለቀጣይ ጥናት የሚመከር ነው። በመነሻው ላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ትምህርቷን ስታጠናቅቅ ከትምህርት ቤቱ ይዛ የወጣችው ወረቀት ደረጃዋን ብቻ የሚናገር ነበር። የመምህሯ ማስታወሻ ደብተር ጥቂት መስመር ቢኖረው ኖሮ፣ ወረቀቱ ስለ እርሷ ሌላም እውነት በተናገረ ነበር።