የሳኦል ልብስ በዳዊት ላይ

ዳዊት ጎልያድን ለመግጠም በተነሣ ጊዜ ንጉሥ ሳኦል የገዛ ልብሱን እንዳለበሰው፥ የናስ ቍርና ጥሩርም እንደ ጨመረለት በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 17 ተጽፏል። ብላቴናው ግን ጥቂት ተራምዶ መሄድ ቢያቅተው ሁሉንም አወለቀ። ልብሱ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የሌላ ሰው ልክ ስለ ነበረ ነው እንጂ። የዛሬ ወጣቶች ወንድነታቸውን ከምን እንደሚለኩት ለመመርመር ከዚህ ታሪክ ብንነሣ የሚሻል ይመስለናል።

በመቱ፥ በጎሬ፥ በያዮና በኡካ እንደምናየው፥ ወንድ ልጅ እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ቀድሞ ይማር የነበረው ከአባቱ፥ ከአጎቱና ከንስሓ አባቱ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛውን በእጁ ከያዘው ስልክ ይማራል። ቲክቶክና የመሳሰሉት አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ ተመልካቹ በየትኛው ምስል ላይ ብዙ እንደ ቈየ ይቈጥራሉ፥ ያንኑ የሚመስለውንም ደጋግመው ያቀርቡለታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያበጠ ክንድና ውድ ጫማ ለማየት የቈመ ወጣት፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ከዚያ በቀር ሌላ ዓይነት ወንድ በዓለም ያለ አይመስለውም። ምስሉም በመብራትና በማሳመሪያ የተስተካከለ ስለ ሆነ፥ ራሱን በመስተዋት ባየ ጊዜ ጐደሎ ሆኖ ያገኘዋል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ፌስቡክና ኢንስታግራም የ«መውደድ»ን ቍጥር ለመደበቅ ለሚሹ ተጠቃሚዎች መፍቀዳቸው፥ ቍጥሩ በሰው ልብ ላይ ሸክም መሆኑን ሠሪዎቹም እንዳልሳቱት ያመለክታል።

ነገሩ በአለባበስ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባልጻፍን ነበር። ነገር ግን ቡና በሚለቀምበት ወራት ለቤት ቀለብና ለታናናሾቹ ደብተር የሚሆነው ገንዘብ ለስልክና ለጫማ ሲውል፥ አባት ዝም ይላል፥ እናት ታለቅሳለች፤ ልጁም ጭቃ በነካው በአባቱ ቦቲ ያፍራል። በአባቱ ያፈረ ልጅ ወንድነትን ከማን ይማራል? ኀፍረቱንም ለንስሓ አባቱ አይናገርም፤ የሚናዘዙት ነገር አይመስለውምና።

ይህን ስንል ጠጕሩን በአዲስ ፋሽን የተቈረጠውን ወጣት ከዐውደ ምሕረት የሚያባርሩትን አንደግፍም። አባቶቻችንም ጎፈሬያቸውን ያበጥሩ ነበር። በመልኩ የተመሰገነው አቤሴሎም የጠፋው በጠጕሩ ማማር አይደለም፤ የሕዝቡን ልብ ለራሱ ሰርቆ በአባቱ ላይ በመነሣቱ ነው እንጂ። አንዳንድ አገልጋዮችም በማኅሌት ቆመው ሳለ ስልካቸውን ወደ ራሳቸው ሲያዞሩ አይተናልና፥ ነገሩን የወጣቶች ብቻ አናድርገው።

የኢሉባቦር ሰው የወንድነትን ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ሚካኤል፥ ለኢጣልያ አልገዛም ብለው በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጥይት ተገደሉ። ይህንንም ያደረጉት ሊታዩበት አልነበረም።

ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ስመ ክርስትና ይወጣለታል፥ ማዕተብም በአንገቱ ይታሰርለታል። ያን ጊዜ ምንም አልሠራም፥ ማንም አላደነቀውም፤ ልጅነት ግን ተሰጥቶታል። ዛሬ በወፍራም ሰንሰለት ሥር ተሸፍኖ የምናየው ያው ክር ነው። ስለዚህ የንስሓ አባት፥ ወጣቱ ወደ እርሱ ሲመጣ ስለ ጠጕሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ማዕተቡ ይጠይቀው፤ ማን እንዳሰረለት፥ ስመ ክርስትናውም ማን እንደ ሆነ። በኦሮምኛ መናገር የሚቀናው ከሆነ በኦሮምኛ ያናግረው፥ ጨርሶ እስኪናገርም ድረስ ይታገሠው። ስለ ቡናው ገንዘብ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።