ስለ ምስጥ እንጉዳይና ስለሚበቅልበት ኩይሳ

ቡሹሎ በሐዋሳ ከተማ ውስጥ በስምጥ ሸለቆ ምድር የሚገኝ ስፍራ ነው። በዚህ ሸለቆ ኩይሳ የሚሠራ ምስጥ አለ። ምስጥ በቆሎን ስለሚቈርጥ የቤት ምሰሶንም ስለሚበላ ገበሬው ኩይሳ እንዲፈርስለት ቢለምን አይፈረድበትም። የእርሻ ሹም ግን ከመፍቀዱ አስቀድሞ በኩይሳው ውስጥ ያለውን ነገር ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህ ምስጥ እንጨትን ብቻውን አድቅቆ ለመመገብ ኀይሉ ጥቂት ነው። ስለዚህ የበላውን ደረቅ ሣርና እንጨት በኩስ አውጥቶ በጓዳው ውስጥ እንደ ማር እንጀራ ያነባብረዋል፤ በላዩም ነጭ ሻጋታ ይበቅልበታል። ሻጋታው እንጨቱን ያለሰልሳል፥ ምስጡም መልሶ ይበላዋል። እንዲህ ያለው እርሻ ከተጀመረ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ የሰው እርሻ ከዚህ ጋር ቢተያይ የትናንት ነው። ዝናብ ሲጥል ከአንዳንዱ ኩይሳ ሻጋታው ረዥም ሥር እየሳበ ዐፈሩን ሰንጥቆ እንጉዳይ ሆኖ ይወጣል። በዛምቢያ የሚገኘው ወገኑ ጥላው እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል።

ደገኛው የዱር እንጉዳይን የጅብ ጥላ ብሎ ይሸሸዋል። በምዕራብ ያሉ ማጃንግሮች ግን የዱር እንጉዳይን ለቅመው እንደሚመገቡ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 በታተመ ጥናት ተጽፏል። የደገኛውም ፍርሀት ከንቱ አይደለም፤ በመስክ ላይ የሚበቅል መልኩ የሚያሳስት መርዘኛ እንጉዳይ አለ፥ ማፍላትም መርዝን ሁሉ አያጠፋም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ማንም እንዲበላው አይፈቀድም።

የምስጥ እንጉዳይ ያለ ምስጡ አይኖርም፤ እንደ ሌላው እንጉዳይ በገለባ ላይ አብቅሎ ለገበያ ማቅረብም አልተቻለም። ኩይሳው ከፈረሰ፥ ዛፉም ተመንጥሮ የወደቀው እንጨት ከተለቀመ፥ እንጉዳዩ ከዚያ ስፍራ ይጠፋል።

እንግዲህ በማሳ መካከልና በቤት ሥር ያለው ኩይሳ ይፍረስ፤ በዱር፥ በመቃብር ስፍራና በሐይቅ ዳር ያለው ግን ይቈይ። የሚፈርሰውም እስከ ንግሥቲቱ ጓዳ ተቈፍሮ እርሷን በማውጣት ይሁን፤ አንዳንድ ጊዜ ሌላ ንግሥት ትተካለችና ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። መርዝ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፥ ጎርፍ የወሰደለት ሁሉ ቆሮሶና አምባዛ ከሚጠመድበት ውሃ ይገባል።

እንጉዳይ የታየበትን ኩይሳ በክረምት ምልክት አድርጎ በመዝገብ ማስፈር ይገባል። ያልታየበትም በሚመጣው ክረምት ደግሞ ይታይ፤ በየዓመቱ ላይወጣ ይችላልና።