የፎሪየር ሲሪስ መቼ ኮንቨርጅ ያደርጋል? ያቺ የማትወርደው ጉብታ

ብዙዎቻችን የፎሪየር ሲሪስን የምናውቀው በፎርሙላው ነው። ኢንተግራሉን ሠርተን ኮኤፊሸንቶቹን እናገኛለን፣ የእኩል ምልክት እናደርጋለን፣ ጥያቄው አለቀ። ማርኩም ይሰጠናል። ታዲያ በአንድ በኩል ፈንክሽን፣ በሌላው በኩል ማለቂያ የሌለው ድምር አስቀምጠን “እኩል ነው” ስንል የት ላይ ነው እኩል? በምን መልኩስ?

እስቲ ስኩዌር ዌቭን እንውሰድ። ከ0 እስከ ፓይ 1፣ ከኔጌቲቭ ፓይ እስከ 0 ደግሞ −1 ነው፤ ከዚያ በየ2ፓይ ይደጋገማል። ሲሪሱ ይኸው፦

4/ፓይ × (ሳይን ኤክስ + 1/3 ሳይን 3ኤክስ + 1/5 ሳይን 5ኤክስ + …)

ኤክስ ፓይ/2 ላይ ተርሞቹን አንድ በአንድ ብንደምር 1.273፣ 0.849፣ 1.103፣ 0.922 እያለ ይሄዳል። ከላይ ከታች እየዋዠቀ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን፣ ወደ 1 ይጠጋል። ኤክስ 0 ላይ ግን ሁሉም ሳይን 0 ስለሆነ ድምሩ ሁልጊዜ 0 ነው፤ እኛ ፈንክሽኑን እዚያ ላይ ምንም ብለን ብንሰይመው ግድ የለውም። 0 ደግሞ የ1 እና የ−1 አማካኝ ነው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ዲሪክሌ እ.ኤ.አ. በ1829 እንዳረጋገጠው፣ ፈንክሽኑ ባውንድድ ሆኖ በአንድ ፔሬድ ውስጥ ያሉት ዝላዮች፣ ማክሲመሞችና ሚኒመሞች ብዛታቸው ውሱን ከሆነ፣ ሲሪሱ ኮንቲኒየስ በሆነበት ነጥብ ወደ ፈንክሽኑ ዋጋ፣ በዝላዩ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ሊሚቶች አማካኝ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ግራፉ ነው። 50 ተርም ደምሬ በኮምፒውተር ስስለው ከዝላዩ አጠገብ ከ1 በላይ የወጣ ጉብታ አየሁ። ተርም ብጨምርም አልወርድ አለ። ፕሮግራሜ ላይ ስህተት ስፈልግ ዋልኩ፤ ፕሮግራሙ ግን ልክ ነበር።

ነገሩን በእጅ ማየት ይቻላል። የኤን ተርሞችን ድምር ዲፈረንሺዬት ብናደርግ ከ0 በስተቀኝ የመጀመሪያው ማክሲመም ፓይ/2ኤን ላይ ይገኛል። ቁመቱ በ1 ተርም 1.273፣ በ2 ተርም 1.200፣ በ3 ተርም 1.188 ነው። እየወረደ ነው ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። ያንን ነጥብ ድምሩ ውስጥ ስናስገባ የምናገኘው የሳይን ቲ/ቲ የሪማን ድምር ነው፤ ሊሚቱም ከ0 እስከ ፓይ ያለው ኢንተግራል በ2/ፓይ ተባዝቶ 1.179 ይሆናል። ከዝላዩ ቁመት ወደ 9 በመቶ ማለት ነው። (ዊልብረሃም የሚባል እንግሊዛዊ በ1848 ጽፎት ነበር፤ ስሙ የቀረው ግን በ1899 ስለ ጉዳዩ በጻፈው በጊብስ ነው።)

ታዲያ ዲሪክሌ ተሳሳተ? አልተሳሳተም። ጉብታዋ ቁመቷ አይጠፋም እንጂ ቦታዋ ይለወጣል፤ ወደ 0 ትሸሻለች። ከ0 በስተቀኝ አንድ ነጥብ መርጠን ብንጠብቅ ጉብታዋ አልፋን ትሄድና እኛ ያለንበት ዋጋ ወደ 1 ይጠጋል። ስለዚህ በየነጥቡ ኮንቨርጅ ያደርጋል። ለሁሉም ነጥብ በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ኤን እንፈልግ ካልን ግን አይገኝም፤ ምንጊዜም ወደ 0.18 የሚጠጋ ስህተት ያለበት ነጥብ አለ። ፖይንትዋይዝና ዩኒፎርም የሚባሉትን ሁለት ትርጉሞች ስንሸመድድ የሚምታታብን ይህ ነው።

የኤክስ አብሶሉት ቫልዩን ብንወስድ ዝላይ የለውም፣ ኮኤፊሸንቶቹም በኤን ስኩዌር ፍጥነት ያንሳሉ፤ እዚያ ኮንቨርጀንሱ ዩኒፎርም ነው፣ ጉብታም የለም። ኮንቲኒየስ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። ዱ ቧ-ሬይሞን በ1873 ሲሪሱ አንድ ነጥብ ላይ ዳይቨርጅ የሚያደርግ ኮንቲኒየስ ፈንክሽን አሳይቷል። ፌየር ደግሞ በ1900 ከፊል ድምሮቹን ራሳቸውን ትተን አማካኛቸውን ብንወስድ ለማንኛውም ኮንቲኒየስ ፔሪዮዲክ ፈንክሽን ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ እንደሚገኝ አረጋገጠ። ይህንኑ አማካኝ በስኩዌር ዌቩ ላይ ብትሞክሩት ከ1 በላይ የሚወጣ ነገር አታዩም።